ከኮልፌ ማሰልጠኛ ምን ቀረ?

ስለ አንድ የታሪክ ቦታ በተነገረ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እዚያ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ለአክሱም፥ ለላሊበላና ለጎንደር የሚስማማ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች የቆመው ድንጋይ ራሱ ምስክር ነውና። ለእኛም ለጉለሌ ልጆች ከበላያችን ያለው የእንጦጦ ተራራ እንዲሁ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስላለ ማንም ሰው ወጥቶ ግድግዳውን በእጁ ሊዳስስ ይችላል።

ነገር ግን የታሪክ ቦታ ሁሉ ግንብ ያለው አይደለም። አንዳንዱ ታሪክ የተሠራው በሜዳ ላይ፥ በሩጫና በተኩስ ልምምድ ነው። ወታደር የሚሠለጥንበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ እንዲህ ነው። ድንኳኑ ይነቀላል፤ የኢላማው ሰሌዳ ይነሣል፤ የተቈፈረው ጉድጓድ ይደፈናል። ከጥቂት ዘመንም በኋላ ሣር ይበቅልበታል፥ ወይም ሌላ ቤት ይሠራበታል፤ በአጠገቡ የሚያልፈውም ሰው ምንም ሳያስተውል ያልፋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ስለ እንዲህ ያለ አንድ ቦታ ነው፤ ይኸውም በጎረቤታችን በኮልፌ በ1954 ዓ.ም. ስለ ነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠራዊት ሰፈርና ማሰልጠኛ ነው። በዚያ ዓመት ክረምት 44ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ቀን የቀራቸው አንድ የደቡብ አፍሪቃ ጠበቃ በዚህ ቦታ የጦር ትምህርት ተማሩ። እኚያም ሰው ኋላ ስማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ብዙዎቻችን ግን በየቀኑ በዚያ አቅጣጫ ስንመላለስ ነገሩን አናስበውም። ስለዚህ ከዚህ ማሰልጠኛ ምን እንደ ቀረልንና የቀረውንም ማን እንደ ጠበቀው መመርመር ይገባናል።

ማንዴላ ለምን ወደ አገራችን መጡ?

በዚያ ዘመን በደቡብ አፍሪቃ አፓርታይድ የሚባለው ሥርዓት ጥቁሩን ሕዝብ በገዛ አገሩ እንደ መጻተኛ አድርጎት ነበር። ጥቁር ሰው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ አይፈቀድለትም ነበር። መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ይህን ሕግ በመቃወም በሻርፕቪል ከተማ የተሰበሰበውን ሕዝብ ፖሊሶች ተኩሰው 69 ሰዎች ገደሉ። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላም መንግሥቱ የአፍሪቃ ብሔራዊ ጉባኤ የተባለውን የጥቁሮች ማኅበር በሕግ ከለከለ።

ይህ ማኅበር ለብዙ ዓመታት በሰላማዊ መንገድ ሲከራከር የኖረ ነበር። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ ግን ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ መሣሪያ ከማንሣት በቀር ሌላ መንገድ የለም ብለው ወሰኑ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. «የሕዝብ ጦር» የሚል ትርጕም ያለው ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ የተባለው ክፍል መቋቋሙ ተገለጠ። ማንዴላም ከመሥራቾቹ ዋነኛው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ። ማንዴላ ጠበቃ ናቸው። በወጣትነታቸው ቦክስ ይለማመዱ ነበር እንጂ የጦር ትምህርት አልነበራቸውም። ጦር የሚመራ ሰው ራሱ ካልተማረ ወታደሮቹን ወደ ሞት ከመንዳት የተለየ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ የውጭ እርዳታ ለመፈለግ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በስውር ከአገራቸው ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የምሥራቅ፥ የማዕከላዊና የደቡብ አፍሪቃ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ በከተማችን ተደርጎ ነበርና።

በዚህ ጉዞ የገጠማቸውን አንድ ነገር ኋላ ራሳቸው በመጽሐፋቸው ተርከውታል። ካርቱም ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር ሰው መሆኑን ባዩ ጊዜ ደነገጡ። ጥቁር አብራሪ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ያ ድንጋጤ የመጣው ከአፓርታይድ አስተሳሰብ መሆኑን ተረዱት። የጥቁርን ሕዝብ ነጻነት ለማምጣት የተነሣ ሰው እንኳ ሳያውቀው የገዢዎቹ ሐሳብ በልቡ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ማንዴላ ከኢትዮጵያውያን ያገኙት የመጀመሪያው ትምህርት በኮልፌ ሳይሆን በአይሮፕላኑ በር ላይ የተሰጠ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አንሆንም።

ከጉባኤው በኋላ ማንዴላ ግብጽን፥ ቱኒዝያን፥ ሞሮኮንና የምዕራብ አፍሪቃን አገሮች ዞሩ። የኢትዮጵያም መንግሥት ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ሌላ ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሰጥቷቸው ነበር። በሰኔ ወር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለንደን ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ይህ ሁለተኛው አመጣጣቸው ለስብሰባ አልነበረም፤ ለትምህርት ነበር እንጂ። የታሰበውም የ6 ወር ትምህርት ነበር።

በኮልፌ የተሰጠው ትምህርት

ማንዴላ በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የኮልፌን ውሎ ከነሰዓቱ ጽፈውታል። በእኛ አቈጣጠር ልምምዱ ከጧቱ 2 ሰዓት ይጀመርና እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ገላ መታጠብና ምሳ ነው። ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ደግሞ እንደገና ልምምድ ይሆናል። ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ድረስ ስለ ጦር ጥበብ የቃል ትምህርት ይሰጣል። ስንደምረው የእጅና የእግር ልምምዱ ብቻ በቀን 7 ሰዓት ይሆናል።

የሚማሩት ነገር በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ተኩስ ነው፤ ይኸውም በአውቶማቲክ ጠመንጃና በሽጉጥ ኢላማ መምታት ነው። ለዚህም ልምምድ ከኮልፌ ሌላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ የተኩስ ሜዳ ከሠራዊቱ ጋር ይወጡ ነበር። ሁለተኛው የፈንጂ ትምህርት ነው፤ ፈንጂን መሥራትና ማጥመድ፥ እንዲሁም ከተጠመደ ፈንጂ ራስን መጠበቅን ይጨምራል። ሦስተኛው የሞርታር ተኩስ ነው። አራተኛው ደግሞ ረጅም የእግር ጉዞ ሲሆን፥ ወታደሩ ጠመንጃውን፥ ጥይቱንና ጥቂት ውሃ ብቻ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ከሩቅ ቦታ እንዲደርስ ይታዘዛል። ማንዴላ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህን ጉዞ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ደኑንና ደጋውን፥ በእንጨት ሞፈር የሚያርሰውን ገበሬና የቤቱን ጠላ ለማየት ቻሉ።

ማታ ማታ የሚሰጠው የቃል ትምህርት ግን ከተኩሱ ያላነሰ ዋጋ ነበረው። የሽምቅ ጦር እንዴት እንደሚቋቋም፥ ወታደር እንዴት እንደሚታዘዝና ሥነ ሥርዓት እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምሯቸው የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። አንድ ቀን በእራት ላይ ስለ ነጻነት ጦር ጠባይ ያስረዷቸው ነበር። የነጻነት ጦር አለቃ በሥራ ሰዓት በሙሉ ሥልጣን ያዛል፤ ከሥራ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋር እኩል ሆኖ መኖር አለበት፤ የሚበላውም ወታደሮቹ የሚበሉትን ነው የሚል ነበር ትምህርቱ። ኮሎኔሉ ይህን ሲናገሩ አንድ የሃምሳ አለቃ ገብቶ አንድ መኰንን የት እንዳሉ ጠየቀ። ኮሎኔሉም ከእንግዳ ጋር ሲነጋገሩና ሲበሉ ለምን እንዳቋረጣቸው ገሥጸው አባረሩትና ወደ እኩልነቱ ትምህርት በዚያው ድምፅ ተመለሱ። ማንዴላ ይህን የጻፉት በፈገግታ ነው፤ ለአስተማሪያቸው ያላቸው አክብሮት ግን በጽሑፋቸው ሁሉ ይታያል።

ስለ ቀኑ ብዛት አንድ ትንሽ ሒሳብ

የታሪክ ተማሪ የሰማውንና ያነበበውን ሁሉ መመዘን ይገባዋል። ማንዴላ በመጽሐፋቸው ውስጥ ከአገራቸው የጥሪ ቴሌግራም የደረሳቸው በኮልፌ 8 ሳምንት ከተማሩ በኋላ መሆኑን ጽፈዋል። ይሁን እንጂ እርሳቸው ራሳቸው በ1954 ዓ.ም. በየቀኑ የጻፉት የኪስ ማስታወሻ አለ። በማስታወሻው ላይ የመጀመሪያው የፈንጂ ትምህርት የተሰጠበት ቀን እንደ ፈረንጆች ጁን 29 ቀን ማለት ሰኔ 22 ቀን ነው። ማንዴላ በአገራቸው ፖሊሶች እጅ የተያዙት ደግሞ ሐምሌ 29 ቀን መሆኑ የታወቀ ነው።

አሁን እንቍጠር። ከሰኔ 22 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 8 ቀን ነው። በዚህ ላይ የሐምሌን 29 ቀን ስንጨምር 37 ቀን ይሆናል። ይኸውም 5 ሳምንት ከ2 ቀን ነው። ከዚህም ውስጥ ወደ ካርቱምና ወደ ዳሬሰላም የሄዱበት፥ ከዚያም ወደ አገራቸው በስውር የገቡበትና ከጓደኞቻቸው ጋር የተመካከሩበት ቀን መቀነስ አለበት። ስለዚህ የኮልፌው ትምህርት ከ8 ሳምንት በጣም ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያመጣሁት ትልቁን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ከ30 ዓመት በላይ ያለፈውን ነገር፥ ያውም አብዛኛውን ዘመን በእስር ቤት ያሳለፈ ሰው፥ ቀኑን ቢያበዛው አይደንቅም። እንዲያውም ትምህርቱ ምን ያህል እንደ ከበዳቸውና በልባቸው እንደ ሰፋ ያሳየናል። ለእኛ ግን ሌላ ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም የማስታወሻ ጽሑፍ ከትዝታ የበለጠ መታመኑ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለዚህ ነው።

ደግሞም ትምህርቱ አጭር ነበር ማለት ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ከኮልፌ ወዲያ በአምቦ መንገድ የሚገኘውን የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ቪኪንግ ታም በተባሉ የስዊድን መኰንን መሪነት ተከፈተ። ኢጣልያኖች አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ሆነ ተማሪዎቹ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት የበለጠ ለመማር አልቻሉም። ሆኖም ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር ከመሠረቱት አርበኞች ጋር ሆነው ጠላትን ተዋጉ። እንግዲህ የማሰልጠኛ ቦታ የሚመዘነው በቀኑ ብዛት ወይም በሕንጻው ስፋት ሳይሆን ተማሪው ይዞት በወጣው ነገር ነው።

ሁለቱ አስተማሪዎች

በኮልፌ የሜዳውን ልምምድ ያስተማሯቸው ሰው አንድ የመቶ አለቃ ነበሩ። ማንዴላ ስማቸውን «ወንዶኒ በፈቃዱ» ብለው ጽፈውታል፤ በኢጣልያ ዘመንም ከውስጥ አርበኞች ጋር ሆነው የታገሉና ብዙ ልምድ ያላቸው ወታደር መሆናቸውን ይመሰክሩላቸዋል።

ይህች አጭር ምስክርነት እጅግ የምታስደንቅ ናት። አባቶቻችን ፋሺስትን ለመቋቋም በዱርና በከተማ የተማሩት ነገር ከ20 ዓመት በኋላ በኮልፌ ሜዳ ላይ ለአንድ የደቡብ አፍሪቃ ሰው ተላለፈ ማለት ነውና። አርበኝነት ያለ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ትምህርት ሆኖ በደቡብ አፍሪቃ ላለው ሌላ ትግል ስንቅ ሆነ።

ነገር ግን ስማቸውን እንመልከት። «ወንዶኒ» የሚለው በአገራችን የተለመደ ስም አይመስልም። በባዕድ ፊደል ስለ ተጻፈ አንድ ፊደል ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የእኚህን ሰው ስም ለዓለም ያስተዋወቀው የውጭ አገር ሰው መጽሐፍ ነው። በአማርኛ በትክክል እንዴት ይጻፍ እንደ ነበረ ሊያርሙልን የሚችሉት አብረዋቸው ያገለገሉ ባልደረቦቻቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው። ለዓለም ታላቅ ሰው ተኩስ ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ስሙ እንኳ እንዲህ ከተድበሰበሰ፥ ከእርሱ ጋር በሜዳው ላይ ከቆሙት ስንቱ ተረስቷል?

የሁለተኛው አስተማሪ የኮሎኔል ታደሰ ብሩ ታሪክ ከዚህም ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ኮሎኔል ታደሰ በዚያ ጊዜ ምክትል የፖሊስ ኮሚሽነር ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን የመንግሥት ግልበጣ በማክሸፍ ሥራ ከተሳተፉት መኰንኖች አንዱ ናቸው። ቆየት ብሎም የጄኔራልነት ማዕርግ አገኙ። መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን የፊደል ሠራዊት የመሩም እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪ በመሆናቸው ከመንግሥት ጋር ተጋጩ። በ1959 ዓ.ም. ተይዘው ተከሰሱና ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላም ዕረፍት አላገኙም። በመጋቢት ወር 1967 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ተገደሉ።

ተማሪውስ? ማንዴላ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። እንግዲህ በኮልፌ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ስለ ነጻነት ጦር የተነጋገሩት ሁለት ሰዎች ሁለቱም በየአገራቸው እስረኞች ሆኑ። ተማሪው ከ27 ዓመት በኋላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከእስር ወጥተው ኋላ የአገራቸው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። አስተማሪው ግን ያን ቀን አላዩም።

ቅሪቱ የት ነው?

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ከኮልፌው ማሰልጠኛ የቀረልን ምንድን ነው? መልሱ የሚያስገርም ነው፤ ከቅሪቱ አብዛኛው የሚገኘው በኮልፌ ሳይሆን በሩቅ አገር ነውና።

አንደኛው ቅሪት ሽጉጥ ነው። ማንዴላ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሊሄዱ ሲሉ ኮሎኔል ታደሰ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጧቸው። ማንዴላም ያ ሁሉ ጥይት ሕፃን ልጅ በጀርባ እንደ ማዘል ያህል እንደ ከበዳቸው ጽፈዋል። ሽጉጡን በጆሃንስበርግ አጠገብ ሊሊስሊፍ በተባለው የእርሻ ቦታ ቀበሩት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተቈፍሮ ቢፈለግም ሳይገኝ ቀርቷል። የኮልፌ ቅርስ በደቡብ አፍሪቃ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሪት ከላይ የጠቀስኩት የኪስ ማስታወሻ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1955 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ፖሊሶች በሊሊስሊፍ ላይ አደጋ ጥለው ብዙ ወረቀት በያዙ ጊዜ ይህ ጽሑፍ በእጃቸው ወደቀ፤ በፍርድ ቤትም ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ጠላት ሰውን ለማስፈረድ የያዘው ወረቀት ኋላ ለታሪክ ዋና ምስክር ሆነ። በ2003 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ ውስጥም ከማስታወሻው የተወሰነው ክፍል ወጥቷል።

ሦስተኛው ቅሪት ሰው ነው። ማንዴላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዳሬሰላም ወደ ኢትዮጵያ ለጦር ትምህርት የሚጓዙ 21 ወጣቶች አገኙ። እነዚያ ወጣቶች ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧቸው። ማንዴላ ከገዛ አገራቸው ወታደሮች እንዲህ ያለ ሰላምታ ሲቀበሉ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ስለዚህ የማንዴላ ወደ እኛ መምጣት ለሌሎችም መንገድ ከፈተ።

በከተማችንም የማንዴላ ስም አልጠፋም። በአፍሪቃ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትልቅ አዳራሽ በስማቸው ተሰይሟል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አዳራሹ የሚያስታውሰን የተከበሩትን ሽማግሌ ነው፤ ኮልፌ ግን ላብ እየጠረጉ የሚማሩትን ተማሪ ያስታውሰናል። ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበን ይህ ሁለተኛው ነው።

ለምን ተረሳ?

እንዲህ ያለ ቦታ ለመረሳቱ ሦስት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ምሥጢር ነው። ማንዴላ የመጡት በሌላ ስም ነበር፤ ትምህርታቸውም እንዲሰማ አይፈለግም ነበር። በምሥጢር የተሠራ ሥራ ደግሞ ጽሑፍ አይተውም። ሁለተኛው የፖለቲካ መለዋወጥ ነው። አስተማሪው ተከሰው ሲታሰሩና ኋላም ሲገደሉ ስማቸውን በመልካም ማንሣት ለብዙ ዘመን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። የሰው ስም ሲደበቅ የሠራው ሥራም አብሮ ይደበቃል። ሦስተኛው የእኛ ልማድ ነው። ግንብ ያለበትን ቦታ ብቻ ታሪክ ብለን ስለምንጠራ ሜዳውን እንንቃለን።

ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ አልፈዋል። ምሥጢሩ ተገልጧል፤ ፍርሃቱም ከነዘመኑ ሄዷል። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም በእጃችን ያለ ነው።

ከእኛ የሚጠበቅ

በ1954 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በሕይወት ያሉት በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ድንጋይ ቢሆን መቶ ዓመት ሊጠብቀን ይችላል፤ ሽማግሌ ግን አይጠብቀንም። ስለዚህ የኮልፌን ቅሪት ለማዳን የሚያስፈልገው መሣሪያ አካፋና ዶማ ሳይሆን ደብተርና እርሳስ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ በየሰፈራችን ጡረታ የወጡ አባቶች አሉ፤ በዕድር ድንኳን ሥር፥ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጅ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ከእነርሱ መካከል በፈጥኖ ደራሽ፥ በክብር ዘበኛ ወይም በጦር ሠራዊት ያገለገሉ ይኖራሉ። በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን አንዳቸውን ቀርበን ብንጠይቅ ትልቅ ሥራ ይሆናል። ጥያቄው ግን እንዲያው «ታሪክ ንገሩኝ» የሚል አይሁን። «በየትኛው ዓመት ገቡ? በስንት ሰዓት ትነሡ ነበር? ምን ትበሉ ነበር? የመቶ አለቃችሁ ማን ይባሉ ነበር? ከውጭ አገር የመጣ ተማሪ አይተው ያውቃሉ ወይ?» ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ይሻላል። መልሱንም በዚያው ቀን መጻፍ፥ የተናጋሪውን ስምና የጻፍንበትን ቀን ማኖር ያስፈልጋል። በዚህ ቀን አንድ ነገር በሌላ ቀን ሌላ ቢነግሩን ሁለቱንም እንጻፍ። ማንዴላን የሚያህል ሰው በሳምንቱ ብዛት ከተሳሳተ የእኛ አባቶች ቢሳሳቱ አያስወቅሳቸውም፤ ሁለት ጽሑፍ ያለው ሰው ግን እንደዚያ 37 ቀን ቈጥሮ ሊያርመው ይችላል።

ወላጆቻችንንም የምንለምነው ነገር አለ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የአያቶቻችን የአገልግሎት ወረቀት፥ የድሮ ፎቶግራፍና ሜዳይ ተቀምጧል። ቤት ሲለቀቅና ሲፈርስ ይህ ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። እባካችሁ አትጣሉት፤ በፎቶግራፉ ጀርባ ላይም የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ጻፉበት። ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም።

መምህራኖቻችን ደግሞ ተማሪዎች የሰበሰቡትን የሚያነቡና የሚያርሙ ቢሆኑልን፥ በትምህርት ቤታችንም ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ለዚህ ቢሰጥልን፥ የሚመጣው ዓመት ተማሪ ከእኛ በተሻለ ይጽፋል። ማንዴላ ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ሁሉ ታሪካቸውን ጽፎ ነበር። የአስተማሪዎቻቸውንና በዚያ ሜዳ ላይ አብረዋቸው የሮጡትን የኢትዮጵያ ልጆች ታሪክ ግን ሌላ ሰው መጥቶ አይጽፍልንም። የመቶ አለቃ በፈቃዱን ስም በትክክለኛው ፊደል ጽፎ ከዚህ መጽሔት ላይ የሚያወጣ ተማሪ በሚመጣው ዓመት ከመካከላችን ቢገኝ፥ ኮልፌ ተረስቶ ነበር እንጂ አልጠፋም ለማለት እንችላለን።